ለባምላክ የተሰፋ ካኪ

እታለማሁን መጀመሪያ ያየኋት በታኅሣሥ ገበያ ነው። ዳንግላ ከጋሪ መቆሚያው ፊት ለፊት ባለ ሱቅ በረንዳ ላይ ስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። ታኅሣሥ ሲገባ የጥምቀት ልብስ የሚያሰፋው ሰው በረንዳውን ሞልቶ ይፈሳል፣ የጋሪው ፈረስ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ ጨርቄን ያሸታል። ያን ቀን ሌላ ማንን እንደለካሁ አላስታውስም። እሷን የማስታውሳት ሰው ሁሉ ሲጋፋ ልጇን ከፊቷ አቁማ፣ ዝም ብላ ተራዋን ስለጠበቀች ነው። ረጅም፣ ጠይም፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጥብቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ናት። የተቸገረች አትመስልም፤ የምትቸኩልም አትመስልም።

"ካኪ ኮትና ቁምጣ፤ ለዘጠኝ ዓመት ወንድ ልጅ" አለችኝ።

"ልጁ የታለ?"

"ከብት ይዞ ቀረ። በእሷ ይለኩት፣ እትዬ፤ ቁመታቸው እኩል ነው። ትከሻው ላይ ብቻ ሁለት ጣት ይጨምሩበት።"

ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም። ከገጠር የሚመጣ ሰው ልጆቹን ሁሉ አስከትሎ አይመጣም፤ አንዱን ያመጣና ሌላውን በሱ ያስለካል። ለታላቁ ይህን ያህል ጨምሪ፣ ለታናሹ ይህን ያህል ቀንሺ ይለኛል፣ እኔም ደብተሬ ላይ እጽፈዋለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ስምና ቁጥር ለመጻፍ ግን አያንሰኝም። የልጅቷንና የወንድሟን ስም ጠይቄ "ቤዛዊት፤ ለባምላክ" ብዬ ጻፍኩ።

ቤዛዊት ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር። እጅሽን ዘርጊ ስላት ዘረጋች። ቀና ብላ አላየችኝም። ሜትሩን በጀርባዋ ሳሳልፍ እናቷ በአዊኛ አንድ ነገር አለቻት፣ ልጅቷም ወዲያው ቀጥ ብላ ቆመች። እኔ ለትዳር ከወዲያ ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጣሁ ነኝ፤ ከአዊኛ ሰላምታ እንጂ ሌላ አልሰማም።

"ምን አልሻት?" ብዬ ጠየቅኳት።

"ጎበዝ አልኳት" አለች።

በዓመቱ ተመልሳ መጣች። አሁንም ልጁ ከብት ይዞ ቀርቷል፣ አሁንም በእህቱ ለካሁት። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ በደንብ የሰፋሁለት ሰው ተመልሶ ሲመጣ ደስ ይላል። ኪሱን ጠባብ አድርገውበታል ብላ ነቀፈችኝ፣ "ለውዝና ጠጠር የሚጨምርበት ልጅ ነው፣ ሰፋ ያድርጉለት ብትዪኝ ምን ነበረበት?" ብዬ ተከራከርኳት፣ ሳቀች። ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ኪሱን ቀየርኩላት።

በሦስተኛው ዓመት፣ ገና ኅዳር ላይ፣ ገበያ ባልሆነ ቀን አንድ ሰውዬ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በረንዳዬ ላይ ቆመ። ነጋ እባላለሁ አለኝ፤ የእታለማሁ ባል ነው።

"የልጄን ልብስ የሚሰፉት እርስዎ ነዎት?"

"የትኛውን ልጅዎን?"

"የሞተውን" አለ።

እንዲቀመጥ በርጩማ ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም። ቆሞ ነገረኝ። አገራቸው ጥርባ ነው፣ ከሐይቁ ራቅ አይሉም። ከሁለት ዓመት በፊት በሰኔ ባምላክ ፈረሱን ሊያጥብ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ፈረሱ ገመዱን እየጎተተ ብቻውን ተመለሰ። ስምንት ቀን ዋናተኛ ያለ የሌለው ሲፈልግ ሰነበተ፤ ያ ሐይቅ ጥልቅ ነው፣ የወሰደውን አልሰጠም። አስከሬን ካልተገኘ ልብሱ አልጋ ላይ ይዘረጋና በልብሱ ይለቀሳል፤ ሽማግሌዎቹም ሸሚዙን ይዘው ሊያስለቅሱ መጡ። እታለማሁ ከእጃቸው ነጠቀቻቸው። ልብስ አላለቅስም፣ ልጄን አምጡልኝ አለች። ሸሚዙን ሳጥን ውስጥ ከታ ቆለፈች። እሱ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ለብቻው ፍትሐት አስደረገለት፤ እሷ ድርሽ አላለችም።

"ልቅሶው ሳይወጣ ቀረ" አለኝ ነጋ። "ከቤታችን ውስጥ አለ። ማታ ድርሻው ይቀመጥለታል። መደቡ ላይ እሱ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ቤዛዊት አትቀመጥም፣ ዞራ ነው የምታልፈው። አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ዘንድሮ ስትመጣ ሥራ ሞልቶብኛል በሏት።"

እሺ አልኩት። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት።

ታኅሣሥ ላይ መጣች። ካኪውን ራሷ ገዝታ፣ አጣጥፋ፣ በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛዋለች። ጨርቁን ጭኔ ላይ ዘረጋችና በመዳፏ አለሰለሰችው፣ ልጅ የምትደባብስ ይመስል። ሥራ ሞልቶብኛል ማለቱን ትቼ ሜትሬን አነሳሁ። ልብስ ነው፣ ካኪ ነው፣ ይሄ ምን ይጎዳል አልኩ። ምስኪን ናት አልኩ። ልጅቷ እጇን ዘርግታ ቆማለች። እውነቱን ልጻፍና፣ ለእናትየዋ ሳዝን ልጅቷን አላየኋትም።

እንዲህ እያልን አሥራ አንድ ጥምቀት ሰፋሁ።

እታለማሁ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህንን የምጽፈው እሱንም ለማለት ነው። ጎረቤት ሲታመም ቀድማ የምትደርስ፣ የሰው ሰርግ ላይ እንጨቱንም ውኃውንም የምትሸከም ናት። ልቅሶ ቤት ግን አትገባም፤ ከደጅ ቆማ ትመለሳለች። ሰው ይህን አውቆ ተዋት። የባምላክን ስም እሷ ፊት የሚያነሳ የለም፤ እሷ ራሷ ካነሳችው ደግሞ ከብት ጥበቃ እንደሄደ ልጅ ነው። ልብስ ለማሰፋት እንጅባራን ሁሉ ትታ እኔ ዘንድ ድረስ የምትመጣውም እዚህ የሚያውቃት ስለሌለ ነው። እኔ ካወቅሁ በኋላም እንደማላውቅ ሆኜ ቀጠልኩ፤ እሷም ማወቄን አውቃ እንዳላወቀች ሆነች።

ልጅቷ አሥራ ሦስት ሲሆናት ሜትሩ መዋሸት አልችል አለ።

"ደረቷ እየመጣ ነው፤ በዚህ ልክ ከሰፋሁት ኮቱ ይሰፋበታል" አልኳት።

"የሷን ደረት ምን አመጣው? እሱን ይተዉት።"

ተውኩት። ጠፍጣፋ አድርጌ ቆረጥኩት። ቤዛዊት ፊቷን ወደ ጋሪዎቹ አዞረች። አሥራ አምስት ሲሆናት ቁመቷ ቆመ፤ እታለማሁ ግን "ወንድ ነው፣ ገና ያድጋል" እያለች በየዓመቱ ሦስት ጣት አስጨመረችኝ። በአንዱ ዓመት ቁልፍ ልትገዛ ወደ ማዶ ሱቅ ስትሻገር ልጅቷ እጇን እንደዘረጋች አየችኝ።

"እማማ፣ የኔን ልክስ ያውቁታል?"

ደብተሩን በአገጬ አሳየኋት።

"እሱማ የሱ ነው" አለች።

ስለካና ስሰፋ ስፒል በከንፈሬ መያዝ ልማዴ ነው። ያን ጊዜም አፌ ስፒል ሞልቶት ነበር። አውጥቼ ልናገር ስል እናቷ ተመለሰች።

አሥራ ዘጠኝ ሲሆናት ፈተናዋን አልፋ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ከጥርባ እንጅባራ ቅርብ ነው፤ እሷ ግን ለበዓልም ቤቷ አልሄደችም። ያን ዓመት እታለማሁ ብቻዋን ካኪዋን ይዛ መጣች። ያለ ልጅቷ በምን እለካለሁ አልኳት። ጨርቋን አጣጥፋ ሄደች። እምቢ ያልኳት ያኔ ብቻ ነው፤ እሱም ጉብዝና አይደለም።

ባለፈው መስከረም ቤዛዊት ራሷ መጣች። ሱሪ ለብሳለች፣ ፀጉሯን አሳጥራለች፤ ካሜራ ያነገተ ጓደኛዋ እታች ቆሞ የጋሪ ፈረስ ፎቶ ያነሳል።

"እማማ ስንታየሁ፣ ያ ደብተር አለ?"

"የት ይሄዳል? አለ።"

"ከስምንት ዓመቴ እስከ አሥራ ስምንት ያለውን ሁሉ እንደገና ይስፉልኝ። አሥራ አንዱንም።"

"ለምንሽ?"

"ለፊልም።"

"የምን ፊልም?"

"የሚያስፈራ።"

"ጅብ አለበት?"

ሳቀች። "የለበትም።"

"ቡዳስ?"

"እሱም የለም። ቤት ነው ያለው፤ ቤትና ልብስ።"

"ታዲያ ምኑ ያስፈራል?"

"እርስዎ ሲሰፉት አልፈሩም?" አለችኝ።  ስትሄድም ዞር ብላ "እናቴ እንዳትሰማ" አለች።

ሰፋሁት። ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፣ ክሩን የሱቁ ልጅ ናት የምትሰካልኝ፤ እጄ ግን አልረሳውም። ጥቅምት መጨረሻ ላይ አሥራ አንዱንም ተኩሼ በረንዳው ላይ ገመድ ወጥሬ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሰቀልኳቸው። በዚያው ቅዳሜ እታለማሁ ቅቤ ልትሸጥ ገበያ ወጥታ ኖሮ ከጋሪ ስትወርድ አየችው።

መጥታ ከገመዱ ፊት ቆመች። አንድ በአንድ ጫፉን ነካች።

"ይሄ የመጀመሪያው ነው። ይሄ ኪሱን ያስቀየርኩዎት። ይሄ ቁልፉ ያነሰው።" ወደ እኔ ዞረች። "ማን አሰፋው?"

ምን ብዬ ልዋሽ? "ቤዛዊት" አልኳት።

ፊቷን ልጽፈው አልችልም። አርባ አምስት ዓመት የሆናት ሴት እንደ ሙሽራ አበራች።

"አልተወችውም ማለት ነው" አለች። "እኔን ጠላችኝ፣ እሱንም ረሳችው ብዬ፤ ለካ እሷም ትጠብቀዋለች።"

"ለፊልም ነው ያሰፋችው፣ እታለማሁ።"

"ፊልም ላይ ልታወጣው? እንኳን። የሆነ አገር ያየው ሰው ይኖራል። መልኩ ቢለወጥ እንኳ ልብሱን ያውቁታል።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ምን ዓይነት ፊልም እንደሆነ መንገር ነበረብኝ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ልጇን ያላየች እናት በልጇ ስትደሰት አየሁና ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ብቅ እያለች "ደረሰ ወይ?" ትለኛለች። ቤዛዊት ደውላ ታኅሣሥ መጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ይታያል፣ እማማ ይምጡ ያለችኝ ቀን፣ ያንኑ ለእታለማሁ ነገርኳት።

እንጅባራ መናኸሪያ ተገናኘን። እኔ ከዳንግላ በሚኒባስ፣ እሷ ከጥርባ። ቀሚሷ የታጠበ ነው፣ በጨርቅ የቋጠረችው ገብስ ቆሎ አለ፤ ቤዛዊት ከልጅነቷ የምትወደው። ባጃጁ ላይ ስንቀመጥ ቆሎውን እቅፏ ውስጥ አደረገችው። አዳራሹ በር ላይ አንድ ተማሪ "እማማ፣ የሚያስፈራ ፊልም ነው፣ ልብ ድካም ካለብዎ ይቅርብዎ" አለኝ። "ልብ ድካም ቢኖርብኝ ይሄን ደረጃ መቼ እወጣው ነበር?" አልኩት። ልጆቹ ሳቁ። እታለማሁም ፈገግ አለች።

መብራቱ ጠፋ።

ፊልሙ ረጅም አይደለም። አንድ ክፍል ነው፣ አንድ መስኮት አለው። አንዲት ትንሽ ልጅ መሀል ላይ እጇን ዘርግታ ቆማለች። እናቲቱ ፊቷ አይታይም፣ ጀርባዋና እጇ ብቻ ነው። ከጥግ አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች፤ አፏ ስፒል ሞልቶታል፣ ታያለች እንጂ አትናገርም። ሜትሩ በልጅቷ ዙሪያ ይዞራል፣ ማንም ሳይነካው ይዞራል። በመስኮቱ ዝናብ ይመጣል፣ ፀሐይ ይመጣል፣ ዝናብ ይመጣል። እናቲቱ ኮት ታለብሳታለች። በላዩ ሌላ ኮት። ልጅቷ እያደገች ትሄዳለች፣ ኮቱ እየተደራረበ ይሄዳል፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ እስኪያቅታት ድረስ። እጇ ከካኪው ብዛት የተነሳ ሊወርድ አይችልም። በመጨረሻ ፊቷም ተሸፈነ፤ እጁን የዘረጋ የልብስ ክምር ብቻ ቀረ። ተማሪዎቹ ጮኹ። እኔ አልጮህኩም፤ ስፒል የምይዝበትን ከንፈሬን ነካሁት።

እናቲቱ ኮት ባለበሰቻት ቁጥር በአዊኛ አንድ ቃል ትላታለች። ያ ቃል አሥራ አንድ ዓመት በረንዳዬ ላይ የሰማሁት ነው። ትርጉሙ ከመጋረጃው ግርጌ በአማርኛ ይጻፋል፤ እኔ ቀስ ብዬ ስለማነብ መጀመሪያ ላይ ሳልጨርሰው አለፈኝ። ስለተደጋገመ ግን ያዝኩት።

"ቀጥ በይ። እሱ አይጎብጥም።"

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጎበዝ የምትላት ነበር የሚመስለኝ።

ከልብሱ ክምር ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ "ደከመኝ" አለ። በፊልሙ ውስጥ ማንም አልሰማትም። አሮጊቷ ሰማች፤ አፏ ግን እንደሞላ ነው።

ጎኔ ላይ እታለማሁ ተነሳች። ቆሎው ከእቅፏ ወደቀ፣ ቋጠሮው ግን አልተፈታም።

"ክንዷን ታውርድ" አለች።

ከፊት ያለ ልጅ ዞሮ "እማማ፣ ፊልም እኮ ነው" አላት።

"አውቃለሁ" አለች። "ታውርድ በሏት። ልጅቷ ደክሟታል።" ከዚያ ያንኑ በአዊኛ ደገመችው፣ ጮክ ብላ፣ ወደ መጋረጃው። የሳቀም ነበር። ከዚያ መብራት በራ፣ ተጨበጨበ።

ውጭ ጉም ወርዷል። ቤዛዊት በተማሪዎች ተከባ ቆማ ነበር። እናቷን ከእኔ ጎን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ፤ በኔ ላይ ያሳረፈችውን ዓይን እስከዛሬ አልረሳሁትም። እታለማሁ ቆሎዋን ይዛ ወደሷ ተራመደች። ሦስት ክንድ ያህል ሲቀራት ቤዛዊት፣ ሳታስበው ነው፣ አከርካሪዋን ቀጥ አደረገች። ልክ እንደ ስምንት ዓመቷ።

እታለማሁ አየቻት። እዚያው ቆመች። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች፣ ቆሎውን ግንቡ ላይ አስቀመጠችና ዞረች። ልጇን አልነካቻትም። የምትነካበት እጅ ያጣች መሰለኝ።

እስከ መናኸሪያው በእግር ነው የሄድነው። ሚኒባሱ ጋ ስንደርስ ቆመች።

"ያቺ አፏ ስፒል የሞላው ሴትዮ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንቺ ስትለኝ ይሄ የመጀመሪያዋ ነው።

"ነኝ።"

"ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር። አሳዘንሽኝ፣ እታለማሁ።"

"እሷስ?"

የጥርባው ሚኒባስ ረዳት ጭኗት ሄደ። እኔም የዳንግላውን ተሳፈርኩ።

ጥምቀት አለፈ። ያን ዓመት ለማንም ካኪ አልቆረጥኩም፣ ዓይኔን አመመኝ ብዬ። በጥር መጨረሻ ነጋ ደወለልኝ፤ ስልኩ ኔትወርክ እየቆራረጠበት ሦስት ጊዜ ሞከረ። "የባምላክ ልቅሶ ሊወጣ ነው፤ ይምጡ" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ስደርስ ደጁ ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ አገሩ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀምጧል። ነጋ ባምላክ ሊያጥበው የወሰደውን ፈረስ ሳይሆን የሱን ውርንጭላ ይዞ ቆሟል፤ ያኛው አርጅቶ ሞቷል። አልጋው መሀል ላይ ነው። ሳጥኑ ተከፍቷል። እኔ በየጥምቀቱ የሰፋኋቸው የፊተኞቹ አሥራ አንድ ካኪዎች ታጥፈው ከአልጋው ሥር ተቀምጠዋል፣ አንድ እንኳ ያልተለበሰ። አልጋው ላይ የተዘረጋው ክርኑ የተቀደደ ሸሚዝ ብቻ ነው። ትንሽ ነው። ያን ያህል ትንሽ ይሆናል አላልኩም ነበር፤ ትንሽነቱን እኔም ረስቼው ኖሯል።

እታለማሁ ከአልጋው ራስጌ ቆማለች። አላለቀሰችም። ቤዛዊት ለማንም ሳትናገር መጥታ ከኋላ በድንኳኑ ምሰሶ በኩል ቆማለች፤ እናቷ አይታታል፣ አልጠራቻትም።

ሙሾ የምታወርደው ደጊቱ የምትባል ሽማግሌ ናት። ልጁን ታውቀው ነበር። ግን ከአልጋው ፊት ቆማ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ለሕፃን የሚወርደው ሙሾ ሌላ ነው፣ ለጎልማሳ የሚወርደው ሌላ። ልጁ ቢኖር ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሥር ያለው ልብስ የጎልማሳ ልብስ ነው፣ ከላይ ያለው ደግሞ የልጅ። ደጊቱ ግራ ገብቷት ወደ እናቲቱ ዞረች።

"እታለማሁ ልጄ፣ በስንት ዓመቱ ላውርድለት?"

 ውርንጭላው መሬቱን ጫረ። እታለማሁ ሸሚዙን አየች፣ ከሥር ያለውን ካኪ አየች። አፏ ቃሉን ሲፈልግ አየሁት፤ አሥራ ሦስት ዓመት ያሳደገችውን ልጅ መልሳ ማሳነስ ነበረባት። ከዚያ ቀና ብላ ምሰሶው ጋ ያለችውን አየች።

"በዘጠኝ" አለች። "ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።"

ደጊቱም ጀመረች፣ እታለማሁም ሸሚዙ ላይ ተደፋች። ነጋ ያዛት። እኔ ወደ ምሰሶው ዞርኩ። ቤዛዊት እጇ በጎንና በጎኗ ወርዶ፣ ትከሻዋ ወድቆ፣ ጎብጣ ታለቅሳለች። ቀጥ በይ ያላት የለም።